«እርሺው» የማይሉት ባለሙያ

ክፉ ነገር ደርሶባት የተሰበረችን ሴት ስናጽናና አፋችን ላይ የሚቀድመን «አይዞሽ፣ እርሺው፣ አታንሺው» ማለት ነው። ተጎጂዋም ምክሩን ለመፈጸም የምትችለውን ታደርጋለች። ጥቃቱ የደረሰበትን መንገድ ትተዋለች፤ ወሬው ሲነሳ ወጣ ትላለች፤ መሸት ሲል ብቻዋን ላለመሆን ዘመድ ቤት ታድራለች። በአሜሪካ ፊላደልፊያ፣ በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የሠሩት የሥነ ልቦና ባለሙያ ፕሮፌሰር ኤድና ፎዋ ግን የቀየሱት ሕክምና የሚያዘው ተቃራኒውን ነው። ታካሚዋ ዐይኗን ጨፍና ያን ቀን አሁን እየሆነ እንዳለ አድርጋ ትተርካለች። ስትጨርስ እንደገና ከመጀመሪያው። ንግግሩ ይቀረጻል፤ ቅጂውንም ቤቷ ወስዳ በየቀኑ ታዳምጠዋለች።

ጭካኔ ይመስላል። በሙያው ውስጥ ያሉ ሰዎች ሳይቀሩ «የታካሚውን ሕመም ያባብስበታል» ብለው ሲያመነቱ ኖረዋል።

ፎዋ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1937 በሃይፋ ነው። በእስራኤሉ ባር ኢላን ዩኒቨርሲቲ ሥነ ልቦናና ሥነ ጽሑፍ ተምረው ወደ አሜሪካ ተሻገሩ፤ በ1970 ከሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ያዙ። መንገዳቸውን የወሰነው ግን ከዚያ በኋላ ቴምፕል ዩኒቨርሲቲ ከጆሴፍ ዎልፒ ዘንድ ያሳለፉት ጊዜ ይመስላል።

ዎልፒ ደቡብ አፍሪካዊ ሐኪም ነበሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአገራቸው ሠራዊት ውስጥ ሲያገለግሉ፣ ውጊያ አእምሯቸውን ያናጋባቸው ወታደሮች ይመጡላቸዋል። የጊዜው ፈውስ የሚያደነዝዝ መርፌ ወግቶ በልብ የተቀበረውን ማናገር ነበር። ወታደሮቹ ይናገራሉ፤ ሕመሙ ግን በአብዛኛው አይለቃቸውም። ዎልፒ ተስፋ ቆርጠው በጆሃንስበርግ ወደ ቤተ ሙከራ ገቡ፤ እዚያም የሚያጠኑት ድመቶችን ነበር። ሳጥን ውስጥ በኤሌክትሪክ የተነዘሩት ድመቶች ሳጥኑን ብቻ ሳይሆን ክፍሉንም መፍራት ያዙ፤ እዚያ ሲገቡ እየራባቸው እንኳ አይበሉም። ዎልፒ ምግቡን መጀመሪያ ከሳጥኑ ራቅ ባለ ክፍል አቀረቡላቸው፤ ሲለምዱ ቀረብ አደረጉት፤ በመጨረሻ ድመቶቹ እዚያው ሳጥን ውስጥ በሉ። ለሰው ሲሆን በምግቡ ፋንታ ጡንቻን ማፍታታት ገባ። ታካሚው ሰውነቱን አላልቶ የሚፈራውን ነገር ከቀላሉ ጀምሮ በሐሳቡ ይስላል፤ የፍርሃቱንም መጠን ከ0 እስከ 100 በቁጥር ይናገራል። ዎልፒ የማፍታታቱን ዘዴ በ1958 ባሳተሙት መጽሐፍ አስተዋወቁ።

ፎዋ ደረጃውንና ቁጥሩን ወሰዱ፤ ማፍታታቱን ግን ተዉት። ፍርሃቱ እንዳለ ይምጣ፣ ታካሚውም ሳይሸሽ ይቆይ አሉ። መጀመሪያ በስፋት የሠሩት እጃቸውን በቀን ደጋግመው ካልታጠቡ፣ በሩን ደግመው ደጋግመው ካላረጋገጡ ዕረፍት ከማያገኙ ሰዎች ጋር ነበር። በ1980 የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ድኅረ አደጋ ጭንቀትን፣ ብዙዎች ፒቲኤስዲ የሚሉትን፣ በበሽታዎች መዝገቡ ሲያሰፍር ደግሞ ፊታቸውን ወደ ተደፈሩ ሴቶች አዞሩ።

ፎዋ ከባልደረባቸው ከማይክል ኮዛክ ጋር በ1986 ያወጡት ጽሑፍ የሕክምናውን ምክንያት ያስረዳል። በእነርሱ አመለካከት ፍርሃት አእምሮ ውስጥ የተሳሰረ ትውስታ ነው። ደረጃ ላይ የተጠቃች ሴት ትውስታዋ ውስጥ ጨለማው፣ የአጥቂው ሽቶ፣ የልቧ ምትና «ዓለም ሁሉ አደጋ ነው፤ እኔም አቅም የለኝም» የሚለው ፍርድ አንድ ላይ ተቋጥረዋል። ሽቶው በሸተታት ቁጥር ቋጠሮው በሙሉ ይነሳል። ከሸሸች ፍርዱ ሐሰት መሆኑን የምታይበት ዕድል የላትም፤ መሸሹ ለጊዜው ያሳርፋታል፣ ፍርሃቱን ግን ያደልበዋል።

ሕክምናው ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 15 ቀጠሮ ይወስዳል፤ እያንዳንዱ 90 ደቂቃ ያህል ነው። ከትረካው ጎን ታካሚው የሚሸሻቸው ነገሮች ዝርዝር ይዘጋጃል። ማታ ታክሲ ውስጥ የተዘረፈን ሰው እናስብ፦ በጠራራ ፀሐይ ከወንድሙ ጋር ፌርማታ ላይ መቆም 30፣ ብቻውን መሳፈር 60፣ ሲመሽ የኋላ ወንበር ላይ መቀመጥ 90 ይሆንበታል። ከታች ይጀመራል፤ ፍርሃቱ እስኪቀንስ እዚያው ይቆያል፤ በማግስቱ ይደግመዋል። የሚመረጠው ማንም ሰው በየዕለቱ በሰላም የሚያደርገው ነገር ነው፤ ታካሚን ወደ እውነተኛ አደጋ የሚልክ ባለሙያ ሕክምናውን አልተረዳውም።

ማስረጃው ቀስ እያለ ነው የተጠራቀመው። ፎዋ በ1991 በ45 የተደፈሩ ሴቶች ላይ ባወጡት ጥናት፣ ሕክምናው እንዳበቃ ብልጫ ያሳየው ጭንቀትን መቆጣጠር የሚያስተምረው ሌላ ዘዴ ነበር። ከወራት በኋላ በታየው ክትትል ግን ትውስታቸውን የተጋፈጡት የተሻለ ይዞታ ላይ ተገኙ። በ2005 የታተመው ደግሞ 179 ሴቶችን የያዘ ሲሆን፣ ለእኔ ከሁሉም የሚያስገርመው እርሱ ነው። የተደፈሩ ሴቶችን በሚረዳ የከተማው ድርጅት ውስጥ የሚሠሩ አማካሪዎች ሥልጠና ወስደው ሕክምናውን ሲሰጡ፣ ውጤታቸው ከዩኒቨርሲቲው ባለሙያዎች አላነሰም።

ለሁሉም ይሠራል ማለት ግን አይደለም። ባብዛኛው የጦር ሠራዊት አባላት የነበሩ 284 ሴቶች በተሳተፉበት የ2007 የአሜሪካ ጥናት፣ ይህን ሕክምና ከጀመሩት 38 በመቶው አቋርጠዋል፤ ባሁኑ ኑሮ ችግር ላይ ብቻ የሚያተኩር ምክር ከተሰጣቸው ያቋረጡት 21 በመቶ ነበሩ። የጨረሱት ብዙ ሲያተርፉ፣ ትረካው ከብዷቸው በሩን ዘግተው የሄዱም አሉ ማለት ነው።

ፎዋና ባልደረቦቻቸው በ2018 ያወጡት ሥራ ለዚህ አንድ መላ ይጠቁማል። ቴክሳስ በሚገኘው የፎርት ሁድ ጦር ሰፈር 370 ወታደሮችን በያዘው ጥናት አንዱ ቡድን 10 ቀጠሮዎቹን በሁለት ሳምንት፣ ሌላው በስምንት ሳምንት ጨረሰ። የሁለት ሳምንቱ ከስምንቱ አላነሰም። ለማቋረጥ ጊዜ የሚሰጠው ቀጠሮና ቀጠሮ መካከል ያለው ሳምንት ከሆነ፣ ሳምንቱን ወደ አንድ ሌሊት ማሳጠር ይቻላል።