ጭስ አልባ ባሩድ በአሮጌ አፈሙዝ

በአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ ባሩዱም ጥይቱም የሚገቡለት ከፊት ነው። መጀመሪያ የተሰፈረ ባሩድ ይፈስበታል፤ ቀጥሎ የእርሳስ ጥይት በዘንግ እየተገፋ ባሩዱ ላይ ይቀመጣል። እሳቱ የሚደርሰው ከኋላ ባለች ጠባብ ቀዳዳ በኩል ነው። ይህ ጠመንጃ የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ነው። በዛሬ ጥይቶች ቀለህ ውስጥ ያለው ጭስ አልባ ባሩድ ሲጨመርበት ግን ብረቱ ሊፈነዳና ተኳሹን ዓይኑን፣ እጁን ወይም ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላል።

የጥቁር ባሩድን ዘመን ደቡብ ጎንደር በቅርብ ያውቀዋል። ደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው ጋፋት፣ ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን ሚሲዮናውያንንና የአገር ባለ እጆችን ሰብስበው መድፍ ያስቀልጡ ነበር። ከዚያ የወጣው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ 7 ቶን ያህል ይመዝናል፤ በ1860 ዓ.ም. መንገድ እየተጠረገለት በጋይንትና በጨጨሆ በኩል ወደ መቅደላ ተጎተተ። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. አሮጌ በተባለው ቦታ በተደረገው ውጊያ ላይ ግን ከንጉሡ ትልልቅ መድፎች አንዱ ባሩድ በዝቶበት ሲተኮስ ፈነዳ። ይህ የሆነው በጥቁር ባሩድ ነው፤ ጭስ አልባው ገና አልተፈጠረም ነበር። አፈሙዝ ከአቅሙ በላይ ሲጎርስ የሚመጣውን ለማወቅ እንግዲህ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም።

ጥቁር ባሩድ ድብልቅ ነው፦ 75 በመቶ ያህሉ ፖታሺየም ናይትሬት፣ 15 በመቶው ከሰል፣ 10 በመቶው ድኝ። ሲቃጠል ጋዝ የሚሆነው ከክብደቱ ከግማሽ ያነሰው ነው። የቀረው ጠጣር ዝቃጭ ሆኖ ከፊሉ በነጭ ጭስ መልክ ይወጣል፣ ከፊሉ አፈሙዙ ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል። ጭስ አልባው ከዚህ ፈጽሞ ይለያል። መሠረቱ በናይትሪክ አሲድ የታከመ የጥጥ ወይም የእንጨት ጭረት፣ ማለትም ናይትሮሴሉሎስ ነው፤ በአንዳንዱ ላይ ናይትሮግሊሰሪን ይጨመርበታል። ፈረንሳዊው ኬሚስት ፖል ቪዬል በ1884 እ.ኤ.አ. ለጠመንጃ የሚሆነውን ሠራ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ኢትዮጵያውያን ለበን የሚሉት የፈረንሳይ ጠመንጃ ለዚሁ ባሩድ ተሠራ። ሲቃጠል ሁሉም ለማለት ይቻላል ጋዝ ስለሚሆን፣ በእኩል ክብደት ከጥቁሩ ሦስት እጥፍ ያህል ሥራ ይሠራል።

ብዙ ሰው አደጋውን የሚያየው በዚህ ጉልበት ብቻ ነው። እንዲያ ቢሆን ኖሮ መጠኑን ወደ ሲሶ መቀነስ ይበቃ ነበር፤ ይህ ስሌት ግን ሰው ይጎዳል። ዋናው ነገር የአቃጠሉ ጠባይ ነው። የጥቁር ባሩድ የቃጠሎ ፍጥነት በዙሪያው ያለው ግፊት ሲጨምር የሚጨምረው በጥቂቱ ነው። የጭስ አልባው ፍጥነት ግን ከግፊቱ ጋር አብሮ ይሮጣል፤ ግፊቱ እጥፍ ሲሆን ፍጥነቱም ወደ እጥፍ ይጠጋል። ፍጥነቱ ጋዝ ይጨምራል፣ ጋዙ ግፊቱን ያሳድጋል፣ ግፊቱ ደግሞ መልሶ ቃጠሎውን ያፋጥናል። ስለዚህ ጥይቱ ትንሽ ቢከብድ፣ አፈሙዙ ውስጥ ዝቃጭ ቢኖር ወይም ሙሌቱ በጥቂት ቢበልጥ፣ ውጤቱ በዚያው ልክ ሳይሆን ከዚያ በላይ ይዘላል። በጥቁር ባሩድ ጊዜ ትከሻ በመምታት ብቻ የሚያልፍ ስህተት እዚህ ብረት ይሰነጥቃል።

ቁጥሩም ይህንኑ ይናገራል። በአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ በመደበኛ ሙሌቱ የሚያየው ግፊት አብዛኛውን ጊዜ 1,000 የከባቢ አየር ግፊት አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ነው። የክላሽ ጥይት 1.6 ግራም ያህል ባሩድ ብቻ ይዞ እስከ 3,500 ሊደርስ ይችላል። ይህ መጠን በዓይን ሲታይ ኢምንት ነው፤ ጥቁር ባሩድ በስፍር መለካት የለመደ እጅ ስፍሩን ሞልቶ ቢጨምር ጠመንጃው ሊሸከም ከሚችለው እጅግ ያልፋል። ሁለቱ ባሩዶች በእኩል ስፍር እኩል አይመዝኑም፤ የጭስ አልባው ዓይነቶች ራሳቸው እርስ በርስ በክብደትም በፍጥነትም ይለያያሉ። ቀለሙም አይረዳም፤ ብዙው በግራፋይት ስለሚለበስ ጥቁር ግራጫ ሆኖ ይታያል።

ሌላው ድክመት ከኋላ ነው። በዘመናዊ ጠመንጃ የናሱ ቀለህ በግፊቱ ተለጥጦ የጋዙን መውጫ ይደፍናል። በአፈሙዝ የሚጎርሰው ቀለህ የለውም፤ የእሳቱ ቀዳዳ ለጋዙም ክፍት ስለሆነ ከመጠን ያለፈ ግፊት በዚያው በኩል ወደ ተኳሹ ፊት ይመለሳል። የድሮዎቹ አፈሙዞች ደግሞ ብዙዎቹ የተሠሩት እየተቀጠቀጠ ከተበየደ ለስላሳ ብረት ነው፤ የብየዳው መስመር በግፊት ጊዜ ቀድሞ የሚለቀው ነው።

ለጭስ አልባ ተብሎ የተሠራ በአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ ጨርሶ የለም ማለት አይደለም። የአሜሪካው ሳቬጅ ኩባንያ 10ኤምኤል የተባለውን ለአደን ገበያ አቅርቦ ነበር። እሱ ግን አፈሙዙ ከከፍተኛ ግፊት ጠመንጃ ብረት የተሠራ፣ የኋላው በጥብቅ የተዘጋ ነው፤ ባሩዱም በዓይነትና በክብደት ተወስኖለታል። ይህን አይቶ ሌላውም ይችላል ማለት አይቻልም፤ በአብዛኞቹ ዘመናዊ አፈሙዞች ላይ ለጥቁር ባሩድ ወይም ለተመሳሳዩ ብቻ የሚል ጽሑፍ የሚቀረጸው ለዚህ ነው።

አንድ ጊዜ ሳይፈነዳ መቅረቱም ማረጋገጫ አይሆንም። ከአቅም በላይ የሆነ ግፊት በብረቱ ውስጥ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ትቶ ያልፋል፤ ስንጥቁ በእያንዳንዱ ተኩስ እያደገ ሄዶ፣ ጠመንጃው የሚሰበረው በትክክለኛ ሙሌት ሲተኮስ ሊሆን ይችላል። ጭስ አልባ ተተኩሶበት የሚያውቅ አሮጌ አፈሙዝ ስለዚህ ለተኩስ አይሆንም።

በየቤቱ ከአባት ከአያት የተወረሰ ጠመንጃ ካለም ውስጡ እንደጎረሰ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ደረቅ ጥቁር ባሩድ ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላም ይነድዳል። ለማወቅ አፈሙዙን ወደ ሰው ሳያዞሩና ከፊቱ ሳይቆሙ ቀጭን የእንጨት ዘንግ ማስገባት፣ ከዚያም የገባውን ርዝመት ከውጭ በኩል እስከ እሳቱ ቀዳዳ ካለው ጋር ማስተያየት ይበቃል። ዘንጉ ቀዳዳው ጋ ሳይደርስ ከቆመ ውስጡ አንድ ነገር አለ። ማን በምን ባሩድ እንደሞላው ስለማይታወቅም ተኩሶ ባዶ ማድረግ አይገባም፤ ከእሳት አርቆ ለሚያውቅ ባለሙያ መስጠት ነው።