ያውቁ ኖሯል? ሰርዶውን የሚበላው ማን ነው?

ግቢዎ ውስጥ ሰርዶ ካለዎት፣ ሣሩ ድንገት ሲገረጣ ውሃ አነሰው ብለው ቱቦ ከመዘርጋትዎ በፊት ተምችን ይጠርጥሩ።

የአፍሪካ ተምች ከሞላ ጎደል የሚበላው የሣር ወገን ብቻ ነው፦ ጤፍ፣ በቆሎ፣ ማሽላ፣ የግጦሽ ሣርና ሰርዶ። ባቄላውን አልፎት ይሄዳል። በጣም የሚደንቀው ግን ቀለሙ ነው። ተበታትኖ ሲያድግ አረንጓዴ ይሆናል፤ ሲበዛና ሲጨናነቅ ይጠቁራል፤ ማሳ የሚያራቁተውም ይኸው ጥቁሩ መንጋ ነው። የትሉ እናት የሆነችው የእሳት እራት በነፋስ ተገፍታ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ስለምትጓዝ፣ ትሉ ባልታሰበበት ቦታ ፈልቶ ይገኛል። ለዚህም ነው ባለሙያዎች የሴቷን ሽታ አስመስለው ወጥመድ የሚያጠምዱት፤ የሚያዙት ወንዶች ቁጥር ካሻቀበ መንጋው ሊከተል ይችላል።

ዘመዱ መጤ ተምች ኢትዮጵያ ውስጥ የታየው በ2009 ዓ.ም. ነው። እኛ የምናውቀው በቆሎ ሲያወድም ነው፤ በትውልድ አህጉሩ በአሜሪካ ግን የጓሮ ሣርም ጠላት ነው።

ራስዎ መመርመር ይችላሉ። 2 የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በ4 ሊትር ውሃ በጥብጠው 1 ካሬ ሜትር በሚያህል ሣር ላይ ያፍስሱ። ተምች ካለ በ10 ደቂቃ ገደማ ውስጥ እየተቁነጠነጠ ይወጣል። ትል ካልወጣና ሣሩ ሲስቡት እንደ ምንጣፍ ከተነሳ፣ አፈሩን ቆፍረው ሥር የሚበላውን ነጩን የጢንዚዛ እጭ ይፈልጉ።

ተባዩን በዓይንዎ ሳያዩ ግን መድኃኒት አይርጩ፤ ርጭቱ ተምችን የሚበሉትን ጉንዳኖችና ተርቦችም ይገድላል።