የሰው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ታፔላ

መርካቶም ሆነ ቦሌ ሱቅ የሚከፍት ሰው ከዕቃው ቀጥሎ የሚያስበው ታፔላውን ነው። በኢንተርኔት ብሎግ ከፍቶ የሸቀጥ ዋጋ፣ የመኪና ወይም የቤት ሽያጭ የሚያስተዋውቅ ነጋዴም እንዲሁ ትንሽ ታፔላ አለው። ፋቪኮን ይባላል። በብሮውዘር አናት ላይ ከገጹ ርዕስ ጎን የምትታየው ምልክት ማለት ነው። ማይክሮሶፍት ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 5ን እ.ኤ.አ. በ1999 ሲያወጣ ያስተዋወቃት ስትሆን፣ ያኔ 16 በ16 ፒክስል ብቻ ነበረች።

ምልክቷ ትንሽ ብትሆንም የንግድ ጥቅሟ እያደገ መጥቷል። ጎግል እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በሞባይል ስልክ በሚወጡ የፍለጋ ውጤቶች ላይ ከድረ ገጹ ስም ጎን ያሳያታል። ምልክት የሌለው ወይም የምልክቱ ፋይል የጠፋበት ገጽ ግን ማንነት የማይገልጽ የሉል ሥዕል ይወጣለታል። ገዢው ከአሥር ሻጮች መካከል በዓይኑ ሲመርጥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ለመሆኑ ይህቺ ፋይል የት ትቀመጥ? የሰርቨር ኪራይ በአብዛኛው የሚጠየቀው በዶላር ነው። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ ደግሞ የዶላር ሒሳብ በብር ሲሰላ ክብደቱ ጨምሯል። በዚህ ላይ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ስለዚህ ነፃ ቦታ የሚፈልግ ነጋዴ ሊወቀስ አይገባም። መጠየቅ ያለበት ግን የነፃውን ወጪ ማን እየሸፈነ እንደሆነ ነው።

ወጪው ከቁጥር የሚገባ አይመስልም። አንዲት 16 በ16 ፒክስል የሆነች ሙሉ ቀለም ያላት አይኮን የምትመዝነው 1,150 ባይት ነው። 10,000 ጎብኚዎች አንድ አንድ ጊዜ ቢጭኗት በድምሩ 11.5 ሜጋባይት ይሆናል፤ በስልክ የተነሱ ጥቂት ፎቶግራፎችን ያህል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ የነፃ አስቀማጮችን ሒሳብ ከገቢው በኩል ማየት ያስፈልጋል። ድርጅቱ ቦታ በነፃ የሚሰጠው ሰዎች ወደ እርሱ ገጽ መጥተው ማስታወቂያውን እንዲያዩ፣ ወይም ውለው አድረው ከፋይ ደንበኛ እንዲሆኑ ነው። ፋይሉ በሌላ ሰው ገጽ ላይ ሲታይ ግን ጎብኚው ወደ አስቀማጩ ቤት አይገባም፤ ማስታወቂያውንም አያይም። ለአስቀማጩ ወጪ እንጂ ገቢ የለውም። በኢኮኖሚክስ ቋንቋ እንዲህ ያለው ተጠቃሚ ትንሿ ወጪው እንኳ የማትመለስ ደንበኛ ነው። ኩባንያው ገንዘብ ሲያጥረው መጀመሪያ የሚቆረጠውም እርሱ ነው።

ፎቶበኬት የተባለው የአሜሪካ የፎቶ ማስቀመጫ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ለዓመታት በነፃ ሲያስቀምጥ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2017 አጋማሽ ደንቡን ቀየረ። ፎቶውን በሌላ ድረ ገጽ ላይ ማሳየት የሚፈልግ ሰው በዓመት 399.99 ዶላር እንዲከፍል ተጠየቀ። በኢቤይና በአማዞን ዕቃ የሚሸጡ ነጋዴዎች አንድ ቀን ጠዋት ገጻቸውን ሲከፍቱ በጫማውና በሰዓቱ ፎቶ ፋንታ ክፍያ የሚጠይቅ ምስል ተለጥፎ አገኙ። ዕቃው መጋዘን ውስጥ አለ፤ ገዢ ግን አያየውም። ኩባንያው በ2018 ዋጋውን ቢያወርድም በመካከሉ የቀረውን ሽያጭ የሚመልስ አልነበረም።

ሌሎቹም ከዚህ አልራቁም። ያሁ በ1999 ከ3.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ በሚያወጣ አክሲዮን የገዛው ጂኦሲቲስ በ2009 በአሜሪካ ተዘጋ። ድሮፕቦክስ ፋይልን በቀጥታ አድራሻ ለሕዝብ የሚያሳየውን ፎልደር በ2017 አቆመ። ብዙ የብሎግ ባለቤቶች አይኮንና ኮድ ያስቀመጡበት ጎግል ኮድም በ2016 ተዘግቷል። ባለቤቱ ትልቅ ኩባንያ መሆኑ ዋስትና እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ፋይሉ ከመጥፋት የባሰም ነገር አለ፤ መለወጥ። እ.ኤ.አ. በ2007 የፕሬዚዳንትነት ዕጩ ለመሆን ይወዳደሩ የነበሩት ሴናተር ጆን ማኬይን በማይስፔስ የነበራቸው ገጽ ማይክ ዴቪድሰን ከተባለ ዲዛይነር ሰርቨር ላይ ምስል በቀጥታ ይስብ ነበር። ዲዛይኑ የዴቪድሰን፣ የሰርቨሩም ወጪ የእርሱ ነው። ሰውዬው ገጹን መስበር አላስፈለገውም፤ በገዛ ሰርቨሩ ላይ ያለውን ምስል ቀየረና ሴናተሩ ስለ ጋብቻ የነበራቸውን አቋም እንደለወጡ የሚገልጽ ጽሑፍ አስቀመጠበት። ጽሑፉም በሴናተሩ ገጽ ላይ በሴናተሩ ስም ወጣ። እንደ እውነቱ ከሆነ ቅጣቱ ቀልድ ስለነበረበት ተሳቀበት፤ የአንድ አስመጪ ምልክት በተፎካካሪው ምልክት ቢተካ ግን የሚስቅ ያለ አይመስለኝም።

ታዲያ ነጋዴው ምን ያድርግ? አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ሌላ ቦታ አለመፈለግ ነው። ብሎጉ በጎግሉ ብሎገር ላይ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ፋቪኮን የሚል ቦታ አለ፤ ካሬ የሆነና ከ100 ኪሎባይት ያነሰ ምስል ይቀበላል። ዎርድፕረስም እ.ኤ.አ. በ2015 ከወጣው 4.3 ከተባለው ዕትሙ ጀምሮ ይህንኑ አካቷል። ምልክቱና ብሎጉ በአንድ ጣሪያ ሥር ከሆኑ የሚቆሙትም የሚወድቁትም አብረው ነው፤ ሁለት አከራይ መለማመጥ አይኖርም። ጎግል ለፍለጋ ውጤት የሚመርጠው ከ48 በ48 ፒክስል የሚበልጥ ካሬ ሲሆን፣ የፋይሉ አድራሻ በየጊዜው እንዳይለዋወጥም ይጠይቃል።

ጊትሀብ ፔጅስ ላይ አስቀምጡ የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። በእርግጥ ነፃ ነው፤ በወር 100 ጊጋባይት ያህል ማስተላለፍም ይፈቅዳል። ነገር ግን ደንቡ ላይ አገልግሎቱ የኢንተርኔት ንግድ ለማካሄድ በነፃ ማስቀመጫነት እንዲያገለግል የታሰበ አለመሆኑ ተጽፏል። ለተማሪ ሥራ ምቹ ነው፤ ለሚሸጥ ሰው ግን ውሉን ሳያነቡ እንደመፈረም ይሆናል።

ሌላው መንገድ አይኮኗን ወደ ፊደልና ቁጥር ቀይሮ በገጹ ኮድ ውስጥ መክተት ነው። ያቺ 1,150 ባይት ወደ 1,536 ፊደላት ትሆናለች፤ በአንድ ሦስተኛ ትወፍራለች እንጂ አስቀማጭ አትሻም። ይህ ግን ኮድ መንካት ለማይፈራ ብቻ ነው።

ብሎጉ አስቀድሞ በባለሙያ የተሠራለት ሰው ደግሞ ማጣራት ይችላል። በኮምፒዩተር ገጹን ከፍቶ የገጹን ምንጭ ኮድ ማየትና ውስጡ አይኮን የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል መፈለግ ነው። ከጎኑ ያለው አድራሻ የብሎጉ ወይም የብሎጉ አስተናጋጅ ከሆነ ጉዳዩ አለቀ። የማያውቁት ስም ከሆነ ብሎጉን የሠራው ልጅ አካውንቱ በማን ስም እንደተከፈተና የይለፍ ቃሉ በማን እጅ እንዳለ፣ ስልኩን ሳይቀይር ወይም ዱባይ ሳይሄድ ይጠየቅ።