የትንሽ አውሮፕላን የፊት መስታወት በብርድ ለምን ይደበዝዛል?

በብርድ ማለዳ እንደ ሴስና 172 ያለ ባለ አራት መቀመጫ አውሮፕላን ውስጥ የተሳፋሪዎች ትንፋሽ ቀዝቃዛውን የፊት መስታወት ሲነካ ወደ ጤዛነት ይለወጣል፤ አብራሪውም ማኮብኮቢያውን ማየት ይሳነዋል።

መፍትሔው ከሞተሩ የሚመጣውን ሞቃት አየር ወደ መስታወቱ መምራት ነው። ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ የጎኑን መስኮት ገርበብ ማድረግ እርጥበቱን ያስወጣል። በደረቅ ጨርቅ መወልወል ግን አይመከርም፤ መስታወት ብንለውም አክሪሊክ የተባለ ፕላስቲክ በመሆኑ በቀላሉ ይጫራል።

ከዚህ የከፋ አደጋም አለ። ሙቀቱ የሚገኘው በጭስ ማውጫው ዙሪያ ከሚያልፍ አየር ነው። ማውጫው ከተሰነጠቀ፣ በተዘጋ ቤት ከሚነድ ከሰል የሚወጣው ያ ገዳይ ጋዝ፣ ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ከሙቀቱ ጋር ይገባል። ራስ ምታት ወይም ማዞር የተሰማው አብራሪ መስታወቱ ቢደበዝዝም ማሞቂያውን ዘግቶ፣ ንጹሕ አየር አስገብቶ፣ በአቅራቢያው በሚገኝ ማረፊያ ማረፍ ይኖርበታል።