ዝቅ ያለው መሬት የማን ነው?

በመተማ ቆላ በጋው ሲጠና ዋልካው መሬት ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ የሰው እግር ይውጣል። ክረምቱ ሲገባ ያው አፈር ውኃ ጠጥቶ ያብጥና ስንጥቁን ይደፍናል። ከዚያ በኋላ ውኃ የሚያሰርገው በጣም በዝግታ ነው። በዚህ አፈር ውስጥ የተቆፈረ የሽንት ቤት ጉድጓድ ታዲያ ክረምት ላይ መውጫ ያጣል፤ እስከ አፉ ይሞላና ወደ ዲች፣ ከዲች ወደ ወንዝ ይፈሳል።

የዚህ ቆላ የድንበር ከተማ መተማ ዮሐንስ በታሪክ የምትታወቀው አፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በወደቁበት ጦርነት ነው። ዛሬ የጉምሩክ፣ የሰሊጥና የመንገደኛ ከተማ ናት። በአዝመራ ወቅት ከደጋ ብዙ የቀን ሠራተኛ ወደ ቆላው ይወርዳል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲፈነዳ ደግሞ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በዚህች ከተማ በኩል ድንበር ተሻገሩ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ፣ ክረምቱ ገና ሳይወጣ፣ ስደተኞች በሰፈሩበት የኩመር መጠለያ ኮሌራ ገባ። ኮሌራ ደግሞ የሚዛመተው በሰው ዓይነ ምድር በተበከለ ውኃና ምግብ ነው።

ትልልቅ ከተሞች በዝናብ ጊዜ ሞልቶ ለሚተርፍ ፍሳሽ ማቆያ ይሠራሉ። ዝናብ ሲበረታ ቱቦው ከሚችለው በላይ የመጣው ውኃ ወደ ወንዝ ከመለቀቁ በፊት ጋን በመሰለ ትልቅ ገንዳ ይጠራቀማል፤ ዝናቡ ሲያባራ ወደ ማጣሪያው ይላካል። ፓሪስ በ2016 ዓ.ም. ለኦሊምፒክ ስትዘጋጅ በኦስተርሊትስ ባቡር ጣቢያ አጠገብ 50,000 ሜትር ኩብ የሚይዝ ገንዳ ከመሬት በታች ሠርታ አስመርቃለች። በኒውዮርክ፣ በጎዋነስ ቦይ ዳርቻ ግን ክርክሩ ከግንባታው ቀደመ። ለገንዳው ከታሰቡት ቦታዎች አንዱ ልጆች የሚዋኙበት የሕዝብ መናፈሻ ነበር። ከተማው መናፈሻውን ትቶ በአቅራቢያው ያሉ የግል ይዞታዎችን ለሕዝብ ጥቅም መውሰድን መረጠ።

የእኛ ከተሞች አብዛኛው ፍሳሽ በቱቦ አይሄድም። የመምጠጫ መኪና ከጉድጓድ ያነሳዋል፤ መኪናው የሚገለብጥበት ኩሬና ማድረቂያ ቦታ ከሌለ ግን ጫካ ወይም ወንዝ ዳር ይደፋዋል። ስለዚህ ለመተማ ዓይነቷ ከተማ ገንዳ ማለት ይኸው ኩሬ ነው፤ ከግንባታው በፊት የሚቀድመውም የመሬቱ ጉዳይ ነው።

ውኃ ቁልቁል ይወርዳልና ለፍሳሽ የሚመረጠው ቦታ ብዙ ጊዜ ዝቅ ያለ ነው። የአዲስ አበባ ፍሳሽ ቃሊቲ የወረደው ቃሊቲ ከከተማዋ ግርጌ ስለሆነች ነው። ይሁንና ዝቅ ያለው መሬት የወንዝ ዳር መሬት ነው፤ ከብት የሚውልበትና ጎመን የሚተከልበት። ከቢሮ ሲያዩት ባዶ ይመስላል። ሕገ መንግሥቱ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ቢልም በእጁ የያዘው ሰው መብት አለው። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ለሕዝብ ጥቅም የሚለቀቅ ይዞታ ካሳ እንዲከፈልበት፣ ተነሺዎችም መሬቱን ከማስረከባቸው ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት እንዲመከሩ ያዛል። ለዘለቄታው ለሚለቅና ምትክ መሬት ላላገኘ ገበሬ የመፈናቀያ ካሳው ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው የዓመት ገቢ በ15 ተባዝቶ ይሰላል። የወል ግጦሽም ያለ ካሳ አይወሰድም።

የአካባቢው ሰው ምክክርና መብት ችላ ሲባል ምን እንደሚመጣ ሰንዳፋ አሳይቷል። የአዲስ አበባን ደረቅ ቆሻሻ እንዲቀበል በፈረንሳይ ልማት ድርጅት ድጋፍ እዚያ የተሠራው ቦታ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ የአካባቢው ገበሬዎች ሽታውንና የውኃውን መበከል ተቃውመው ተነሡ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ተዘጋ። ቆሻሻው ተመልሶ በነባሩ መጣያ፣ በቆሼ ላይ ተከመረ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ገደለ። ለናዳው ምክንያቱ ይህ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን አዲሱ ቦታ ሥራ ላይ ቢቆይ ኖሮ ቆሼ ሸክሙ ይቀልለት ነበር።

መተማ ውስጥ ዋልካው ራሱ በአንድ በኩል ያግዛል። ጉድጓድ እንዲሞላ የሚያደርገው ባሕርዩ ለኩሬ ወለል ይበጃል፤ በደንብ ከተጠቀጠቀና ደርቆ እንዳይሰነጠቅ ከተጠበቀ ፍሳሹን ይይዛል። ቦታው ከሰው መኖሪያና ከውኃ ጉድጓድ መራቅ፣ ዝቅ ቢልም ጎርፍ ከሚደርስበት መውጣት አለበት። ከዚያ አገር ወንዞች ብዙዎቹ ወደ ጓንግ ይገባሉ፤ ጓንግ ሱዳን ሲደርስ አትባራ ይባላል። ስለዚህ ከመተማ ያመለጠው ፍሳሽ ድንበር ማዶ ያሉትንም ያገኛቸዋል።

ምክክሩ በአንዱ ኅዳር ቢጀመር አንድ ክረምት በንግግር ያልፋል። ቁፋሮው በሚቀጥለው በጋ ቢያልቅ፣ ኩሬው የሚደርሰው ለሁለተኛው ክረምት ነው።