ባክአፕ በገመድ ወይስ በዋይፋይ? ተረቱና እውነታው

የአክስቴ ልጅ የአሥራ ሁለት ዓመት የቤተሰብ ፎቶ ላፕቶፗ ላይ ነበራት። ጠንቃቃ ስለሆነች ሁሉንም ወደ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ገልብጣዋለች። ዲስኩ ግን ከላፕቶፑ ተነቅሎ አያውቅም፤ የሁለቱም ቻርጀር የሚሰካው አንድ ማከፋፈያ ላይ ነበር። አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ኃይሉ ከልክ በላይ ሆኖ መጣና ላፕቶፑንም ዲስኩንም አቃጠላቸው። ጥገና ቤት ወስዳቸው አንዱም አልተነሣም። የተረፏት ለወንድሟ በቴሌግራም የላከቻቸው ጥቂት ፎቶዎች ናቸው፤ እነሱም ጥራታቸው ቀንሶ። «ባክአፕ አድርጌ ነበር እኮ!» እያለች ስታለቅስ የምመልሰው አጣሁ።

እውነቷን ነው፣ አድርጋ ነበር። የጎዳት «በገመድ ከሆነ አስተማማኝ ነው» የሚለው እምነት ነው። ገመድ ፍጥነት ይሰጣል እንጂ ከአደጋ አይጠብቅም። ሁልጊዜ ተሰክቶ የሚውል ዲስክ ኮምፒውተሩን ያገኘው ሁሉ ያገኘዋል። ሌባ ሲገባ ሁለቱን አንድ ላይ ያነሣል። በግንቦት 2009 ዓ.ም. ብዙ አገሮችን ያዳረሰው ዋናክራይ የተባለ ቫይረስም ፋይል እየቆለፈ ገንዘብ ሲጠይቅ፣ የቆለፈው ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለውን ብቻ አልነበረም፤ የተሰካውን ዲስክም ጭምር ነበር። ስለዚህ ግልበጣው ሲያልቅ ዲስኩ ይነቀል። ሲነቀልም መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ላይ «ኢጀክት» ይባል፤ አልቋል ከተባለ በኋላም ኮምፒውተሩ ያልጻፈው ቀሪ ሊኖረው ይችላል።

«ዋይፋይ ከሆነ ፓኬጅ ይበላል» የሚለው ደግሞ እኛ ዘንድ በጣም የተስፋፋ ስሕተት ነው። ዋይፋይና ኢንተርኔትን አንድ አድርገን ስለምንጠራቸው አልፈርድም። ዋይፋይ ግን ስልካችሁን ከራውተሩ ጋር የሚያገናኝ፣ ሽቦ የሌለው መንገድ ብቻ ነው። ስልኩ ፎቶውን ሳሎን ወዳለው ኮምፒውተር ሲልክ መረጃው ራውተሩ ጋ ደርሶ ይመለሳል እንጂ ከቤት አይወጣም። ፓኬጅ አይነካም፤ ኢንተርኔት ተቋርጦም ይሠራል። አይፎን ለምሳሌ አንድ ጊዜ በገመድ ከኮምፒውተር ጋር ተገናኝቶ ከተስተካከለ፣ ከዚያ በኋላ ሁለቱ አንድ ዋይፋይ ላይ እስካሉ ድረስ ያለ ገመድ ባክአፕ ያደርጋል። ፓኬጅ የሚበላው ወደ ጉግል ፎቶስ ወይም ወደ አይክላውድ ስትጭኑ ነው።

«ኢንተርኔቴ ፈጣን ነው፣ ገመድ ምን ያደርግልኛል?» ለሚል ሰው ሒሳቡን ላሳየው። ፍጥነት የሚነገረን በሜጋቢት ነው፤ ፋይል የሚለካው ግን በባይት ነው፤ አንዱ ባይት ስምንት ቢት ነው። አፕሎዱ 10 ሜጋቢት በሆነ መስመር 100 ጊጋባይት ፎቶ ወደ ክላውድ ለመላክ፣ ለቅጽበት እንኳ ሳይቋረጥ፣ 22 ሰዓት ያህል ይፈጃል። በሰከንድ 100 ሜጋባይት በሚጽፍ የዩኤስቢ 3 ዲስክ ግን ያው ሥራ በ17 ደቂቃ ገደማ ያልቃል። መልሶ ማውረዱም ጊዜ ይፈጃል፤ ኮምፒውተር የተበላሸበት ሰው ደግሞ ፋይሉን የሚፈልገው ዛሬውኑ ነው።

ገመድ ሁሉ ግን ፈጣን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ተራው አይፎን 15 የዩኤስቢ ሲ ቀዳዳ ቢኖረውም ፍጥነቱ የድሮው የዩኤስቢ 2፣ ማለትም 480 ሜጋቢት ነው። ከሱቅ በርካሽ የምንገዛቸው አንዳንድ ገመዶችም ቻርጅ ከማድረግ በቀር መረጃ አያስተላልፉም። ስልኩ ቻርጅ እያደረገ ኮምፒውተሩ ካላየው ስልኩን ከመውቀሳችሁ በፊት ገመዱን ቀይሩ።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ «ፎቶዬ ጉግል ላይ አለ» የሚለው መተማመን ነው። ጉግል ፎቶስ ስልካችሁንና ክላውዱን አንድ ዓይነት አድርጎ ይይዛል፤ ከመተግበሪያው ላይ ያጠፋችሁት ፎቶ ከክላውዱም ይጠፋል። ባክአፕ የተደረገው ቅርጫት ውስጥ የሚቆየው 60 ቀን ነው። በነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋባይትም ከጂሜይል ጋር የሚካፈሉት ነው፤ ሲሞላ አዲስ ፎቶ መግባቱን ያቆማል። አይክላውድ በነፃ የሚሰጠው 5 ጊጋባይት ብቻ ነው።

እኔ እንዲህ ነው የማደርገው። የመጀመሪያውን ትልቅ ግልበጣ በገመድ እጨርሳለሁ። የየዕለቱን ለዋይፋይ እተወዋለሁ፤ ማታ ስልኩ ቻርጅ ላይ ሳለ ራሱ ይሠራዋል፣ እኔ ማስታወስ አይጠበቅብኝም። በወር አንድ ጊዜ ዲስኩን እሰካለሁ፣ እገለብጣለሁ፣ ነቅዬ እኅቴ ቤት አስቀምጠዋለሁ። ፎቶግራፍ አንሺው ፒተር ክሮግ ያስተዋወቀው ደንብም ከዚህ አይርቅም፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ዘመድ ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ አንድ ዲስክ በመንገደኛ ብትልኩ እንዴት ያለ መጠባበቂያ ነው! ብቻ ዲስኩን በይለፍ ቃል ቆልፉት።

ዛሬ ማታ ዲስካችሁን አውጡና ሰክታችሁ አንድ የድሮ ፎቶ ክፈቱበት። ከተከፈተ ንቀሉትና ከኮምፒውተሩ አርቃችሁ አስቀምጡት።