ፔጆን ለ24 ማካፈል

መቸም «ሞዴል መኪና» ሲባል ከወንድሞቻችንና ከእኅቶቻችን መካከል ፈገግ የሚል አይጠፋም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ያውም ነገ አገር ይረከባል የሚባለው፣ በሕፃን መጫወቻ ጊዜውን ያጠፋል ወይ? ይህ ጥያቄ በመኝታ ክፍላችን ተነሥቶ እስከ እኩለ ሌሊት አከራክሮናል። እኛ ግን ነገሩ ከጨዋታ የሚያልፍ ሆኖ ስለ ታየን፣ ይልቁንም ከዚራን ለሚወድ ሰው የሚያገባው ጉዳይ ስለ ሆነ፣ የምናውቀውን ያህል ለመጻፍ ተነሣን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልን።

ሞዴል መኪና ማለት መኪና የሚመስል ነገር ሁሉ አይደለም። የመጫወቻ መኪና ጎማው ከአካሉ ሊበልጥ፣ በሩ ከመስኮቱ ሊያንስ ይችላል፤ ማንም አይጠይቀውም። ሞዴል ግን ርዝመቱም፣ ወርዱም፣ ከፍታውም፣ የመብራቱ ክብ እንኳ ሳይቀር፣ በአንድ ቁጥር የተካፈለ መሆን አለበት። ይህን ቁጥር በካርታ ትምህርት መስፈርት ስንለው የኖርነው ነው። ለምሳሌ በድሬ ዳዋና በሐረር ጎዳናዎች ለብዙ ዘመን በታክሲነት ያገለገለችውን ፔጆ 404 እንውሰድ። የእውነተኛዪቱ ርዝመት ወደ 4442 ሚሊ ሜትር፣ ወርዷ ወደ 1612፣ ከፊት ጎማ እምብርት እስከ ኋላ ጎማ እምብርት ያለው ርቀት 2650 ሚሊ ሜትር ነው። ለ24 ስናካፍላት ርዝመቷ 185 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ከደብተራችን ቁመት ጥቂት ታንሳለች ማለት ነው። ለ43 ብናካፍላት 103 ሚሊ ሜትር ትሆንና መዳፍ ላይ ታርፋለች። ለ64 ከሆነ 69 ሚሊ ሜትር፤ የአንድ ጣት ያህል ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚታለልበት ነገር አለ። መኪናዪቱ የእውነተኛዪቱ ሃያ አራተኛ ናት ስንል በርዝመት ነው እንጂ በይዘት አይደለም። በይዘት ከሆነ 24 በ24 ተባዝቶ እንደ ገና በ24 ይባዛል፤ የአንዲቱን ፔጆ ቦታ ለመሙላት 13824 ትናንሽ ፔጆዎች ያስፈልጋሉ። ዓይን የሚያየው ግን ርዝመቱን ስለ ሆነ ትንሹ ስሕተት ጎልቶ ይወጣል። በብሩሽ የተለቀለቀ ሁለት አሥረኛ ሚሊ ሜትር ቀለም በዚህ መስፈርት ሲታሰብ በእውነተኛው መኪና ላይ አምስት ሚሊ ሜትር ያህል እንደ መለሰን ይቆጠራል። የበሩ ስንጥቅ ይደፈናል፤ የግንባሩ ጥልፍልፍ ይዋጣል፤ መኪናው የተሸለመ ኬክ ይመስላል። ቀለሙም ራሱ መጠን አለው። ሰው ሞዴልን የሚያየው መኪናን ከሩቅ እንደሚያይ ስለ ሆነ፣ የፋብሪካውን ቀለም እንዳለ ቢቀቡት ይጠቁራል፤ ልምድ ያላቸው ሰዎች ጠብታ ነጭ ይጨምሩበታል።

«ለ24 ይሁን፣ እሺ፤ ለ43 የሚባለው እንግዳ ቁጥር ከየት መጣ?» የሚል ቢኖር መልሱ ከባቡር ነው። እንግሊዞች ኦ በተባለው የሞዴል ባቡር መጠን ለእያንዳንዱ ጫማ 7 ሚሊ ሜትር መደቡለት። አንድ ጫማ 304.8 ሚሊ ሜትር ነውና ለ7 ሲካፈል 43 ተኩል ይወጣል። ከዚያ በኋላ የሜካኖ ኩባንያ ባለቤት ፍራንክ ሆርንቢ ከባቡሮቹ አጠገብ የሚቆሙ ትናንሽ የብረት መኪናዎችን አውጥቶ ከ1934 ጀምሮ ዲንኪ በሚል ስም ሸጠ። መኪናው የባቡሩ አጃቢ ሆኖ ገብቶ ኋላ ባለቤቱን አስረሳው። የኦ ግማሽ የሆነው መጠን ደግሞ ኤች ኦ ይባላል፤ 1 ለ87 ነው።

ባቡር ካነሣን ዘንድ የከዚራ ሰው ዝም ሊል አይችልም፤ አቦ፣ ሰፈሩ ራሱ በሐዲድ ዳር የተተከለ ነው! ከጂቡቲ የተነሣው ምድር ባቡር ድሬ ዳዋ የደረሰው በ1902 ነው፤ አዲስ አበባ የገባው በ1917። የዚያ ሐዲድ ስፋት ልክ 1 ሜትር ነበረ። በ2016 የተመረቀው አዲሱ መስመር ደግሞ 1435 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለቱን ለ87 አካፍሉ፤ አሮጌው 11 ተኩል፣ አዲሱ 16 ተኩል ሚሊ ሜትር ይሆናሉ። ስለዚህ አንድ ሰው በአውሮፓ ሱቅ የሚገኘውን የተለመደውን ባለ 16 ተኩል ሐዲድ ገዝቶ የሸመንደፈሩን አሮጌ ባቡር ቢያቆምበት የከዚራን ታሪክ አለአግባብ አሰፋው ማለት ነው። ለስዊስ ተራራ ባቡሮች የሚሠራው ባለ 12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ነው ለእኛው የሚስማማው፤ እነዚያም እንደ እኛው በአንድ ሜትር ስፋት ላይ የሚሄዱ ናቸውና። በኢጣልያ ወረራ ዘመን የመጣችውን ሊቶሪና ሊሠራ የሚያስብ ሰው ካለ ከዚህ ይጀምር።

ወደ መኪናው እንመለስ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነገሩ በሁለት መንገድ ተከፈለ። አንደኛው ተሠርቶ ያለቀለትን ገዝቶ መሰብሰብ ነው። በእንግሊዝ አገር ሌዝኒ የተባለው ፋብሪካ መካኒክ ጃክ ኦዴል፣ የልጁ ትምህርት ቤት ከክብሪት ሣጥን የሚበልጥ መጫወቻ ይዞ መግባትን ስለ ከለከለ፣ በሣጥኑ ልክ ትንሽ የመንገድ መዳመጫ ሠራላት ይባላል። ማችቦክስ የተባሉት መኪናዎች በ1953 የወጡት በዚህ ምክንያት ነው። አሜሪካኖችም በ1968 ሆት ዊልስን አመጡ። እነዚህ ከዚንክ ቅይጥ የሚቀረጹ ናቸው። ስለ ዚንክም ሰብሳቢ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ፤ እርሳስ ከገባበት ከብዙ ዓመት በኋላ ከውስጡ ይሰነጠቅና እንደ ደረቅ ዳቦ ይፈረፈራል። ከጦርነቱ በፊት የወጡ ብዙ ዲንኪዎች የጠፉት በዚህ በሽታ ነው፤ መድኃኒት አልተገኘለትም።

ሁለተኛው መንገድ፣ እኛ የምናደላለት፣ ኪት የሚባለውን ራስ መገጣጠም ነው። ፖሊስታይሪን የሚባል ፕላስቲክ ቀልጦ በብረት ቅርጽ ውስጥ በኃይል ይገፋል፤ ሲበርድ ክፍሎቹ ሁሉ በአንድ ዘንግ ላይ እንደ ቅጠል ተንጠልጥለው ይወጣሉ። ገዢው ሣጥኑን ሲከፍት የሚያገኘው መኪና ሳይሆን መቶ ያህል ስብርባሪ ነው። መሪው እዚህ፣ ራዲያተሩ እዚያ። ክፍሉን ከዘንጉ በመቀስ መቁረጥ ይገባል እንጂ በእጅ መቀንጠስ አይገባም፤ ሥጋውን ይዞ ይነሣል። ከዚያም ጠርዙ በምላጭ ተጠርጎ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል። ሙጫውም በእውነቱ ሙጫ አይደለም፤ ፕላስቲኩን አቅልጦ ሁለቱን አንድ የሚያደርግ ፈሳሽ ነው። ስለዚህ ከበዛ ክፍሉን ይበላዋል። ሽታውም ራስ ያዞራልና መስኮት ሳይከፍቱ መሥራት ሞኝነት ነው፤ ስድስት ሰው በሚተኛበት ክፍል ውስጥ ሲሆን ደግሞ በሰው ላይ ግፍ ነው።

የአውሮፓ መጻሕፍት የማያስተምሩት የድሬ ዳዋ ሙቀትን ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ እኩለ ቀን ላይ ቀለም በመርጫ የሚነፋ ሰው፣ ቀለሙ ከመርጫው አፍ ወጥቶ መኪናው ዘንድ ሳይደርስ በአየር ላይ ይደርቅበታል፤ የሚያርፈው ዱቄት ነው፤ ጣት ሲያልፍበት እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሻክራል። የደቻቱ አሸዋ በነፋስ ሲነሣ ይጨመርበታል። መድኃኒቱ ማልዶ መነሣት ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ፣ ነፋስ ሳይነሣ፣ ከመጠን ባልራቀ ርቀት መንፋትና ወዲያውኑ ንጹሕ ካርቶን ደፍቶበት መሄድ። በዚያ ሰዓት መነሣት ከባድ ነው የሚል ተማሪ ቢኖር፣ ለፈተና ስንነሣ አይተነዋል እንለዋለን።

ታዲያ ኪቱን ከየት እናመጣለን? ነገሩ በውጭ ምንዛሬ የሚገዛ ነው፤ ከተማሪ ኪስ ጋር ዝምድና የለውም። እዚህ ላይ ነው የእኛ አገር ልጆች ለካ ከብዙ ሰብሳቢዎች ቀድመው የሄዱት። በልጅነታችን የሽቦ መኪና ያልነዳ፣ ወይም ሲነዳ ያላየ ማን አለ? ለኮንክሪት ብረት ማሰሪያ የሚሆነው ለስላሳ ሽቦ ተለቅሞ ሻሲ ይሆናል፤ የሰርዲን ጣሳ ካቢና፣ የዘይት ጣሳ የጭነት ሣጥን፤ የለስላሳ ቆርኪ ወይም ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ተቆርጦ የወጣ ክብ ጎማ። ረጅም የሽቦ መሪ ይገጠምለትና ልጁ ከኋላ ቆሞ ሲያጥፈው የፊት ጎማዎቹ እውነት ይታጠፋሉ። ስንቱ ውድ ኪት ነው ጎማው የማይታጠፈው! ልጁ የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መለኪያ። ጥበቡ አለው፤ ቁጥሩ የለውም። እኛ ደግሞ በሌላ በኩል ቁጥሩን በክፍል ተምረን፣ በኮምፒዩተር መስኮት ላይ ማርሽ እየሳልን፣ አንድ የበር እጀታ በገዛ እጃችን ለክተን ሳናውቅ የምንመረቅ ብዙዎች ነን። ሁለቱ ቢገናኙ ምን ይወጣ ነበር ብለን እናስባለን።

ዕቃውስ በዙሪያችን ሞልቷል። የሲም ካርድ ተነቅሎ የሚጣለው ማቀፊያ ፕላስቲክ ውፍረቱ 0.76 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለመኪና ወለልና በር እጅግ ይስማማል። ፖሊስታይሪን ስላልሆነ ግን በኪት ሙጫ አይያዝም፤ ሱፐር ግሉ ይፈልጋል። ለቀጥ ያለ መስኮት የሲዲ መያዣ ሽፋን ይበቃል፤ ሲቆረጥ እንዳይሰነጠቅ ደጋግሞ በምላጭ መፋቅና መስበር ነው። ለጎበጠው የፊት መስታወት የምንመክረው ግን ሌላ ነው። ከሐኪም ቤት ይዘነው የመጣነው የራጅ ፊልም በበረኪና ውስጥ ሲዘፈዘፍ ጥቁሩ ሁሉ ይለቅና ጥርት ያለ፣ ትንሽ ሰማያዊነት ያለው ወረቀት ይቀራል፤ ልክ የመኪና መስታወት ነው። ለሚያብረቀርቀው ብረት የሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለችው የብር ወረቀት በስስ ሙጫ ትለጠፋለች። (ለዚህ ሲል ማንም ማጨስ እንዳይጀምር፤ ከመንገድ ይለቀማል።)

ለጀማሪ ሰው የመጀመሪያ ሥራ ባጃጅ እንዲሆን እንመክራለን። ርዝመቷ ወደ 2 ሜትር ከ63 ሳንቲ ሜትር ስለ ሆነ ለ24 ስትካፈል 110 ሚሊ ሜትር ያህል ናት፤ ጎማዋ ሦስት፤ በር የላትም፤ ጣራዋ ሸራ ነው፤ ለመለካትም በየማዕዘኑ ቆማ ትገኛለች።

ፔጆ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። 404ን በ1960 ለገበያ ሲያወጧት ቅርጿን የነደፈው ኢጣልያዊው ፒኒንፋሪና ነበር፤ የኋላዋን ሹል ክንፎች ልብ ያለ ሰው የሠሪውን እጅ ያያል። በምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ውድድር በ1963 ካሸነፈች በኋላ ከ1966 እስከ 1968 ሦስት ዓመት ተከታትላ አሸንፋለች፤ በ1963ቱ ውድድር ከተነሡት 84 መኪናዎች የጨረሱት 7 ብቻ ነበሩ። ለእኛ መንገድ የተፈጠረች ናት ያሰኛትም ይኸው ነው። የፈረንሳይ ፋብሪካዎች 404ን በትንሹ ሠርተዋታል፤ ነገር ግን የሠሩት የፓሪስን 404 ነው። የእኛዪቱ ሌላ ናት። በአርባና በአምሳ ዓመት ዕድሜዋ መካኒኮቻችን መከላከያዋን በሌላ ብረት የተኩት፣ ጣራዋ ላይ የዕቃ መጫኛ የበየዱላት፣ ወንበሯን እንደ ገና የሰፉላት፣ ከፊት መስታወቷ ላይ ጌጥና ጥቅስ የሰቀሉላት መኪና ናት። ይህን የትኛውም የአውሮፓ ካታሎግ አልመዘገበውም። መኪናዎቹ ደግሞ ቦታቸውን ለባጃጅ እየለቀቁ፣ ለብረታ ብረት እየተሸጡ፣ ቁጥራቸው እየመነመነ ነው። አንዲቱ ተቆራርጣ ከቀለጠች በኋላ መጫኛዋ ስንት ሳንቲ ሜትር ነበር ብሎ የሚጠይቅ ቢመጣ የሚመልስለት አይኖርም። ፎቶግራፍ አይበቃም፤ ፎቶግራፍ ውፍረትን አይናገርም። ሞዴል የሚሠራ ሰው ግን ሳይለካ አንዲት ደረጃ መሄድ ስለማይችል፣ ሳያስበው መዝጋቢ ይሆናል።

ለመለካት የሚያስፈልገው የሰፊ ሜትር፣ ደብተርና ትሕትና ነው። ባለ መኪናው ሽማግሌ ሲሆኑ «ጋሼ፣ መኪናዎን ልንለካ ነበር» ከተባሉ መጀመሪያ ገዢ መጣ ብለው ዋጋ ይጠራሉ፤ ሁለተኛ የመንገድ ትራንስፖርት ሰው መጣ ብለው ይሸሻሉ፤ ሦስተኛ ነገሩ ሲገባቸው ሻይ ያዝዛሉ፤ ከዚያ ወዲያ ሞተሩን ከፍተው የማያሳዩት ብሎን አይኖርም። በመጀመሪያ በሁለቱ ጎማዎች እምብርት መካከል ያለውን ርቀት መለካት ይሻላል። ይህ ቁጥር 2650 ሆኖ ከመጣ የሜትሩ ልክነት ተረጋገጠ፤ ካልመጣ ወይ ሜትሩ ተስቧል፣ ወይ መኪናዪቱ ተጋጭታ ታውቃለች። ከዚያ የፋብሪካው ያልሆነውን ሁሉ፣ መጫኛውን፣ መከላከያውን፣ የተለወጠውን መብራት፣ አንድ በአንድ መውሰድ ነው።

እኛ አራት ሆነን የአንዲትን ፔጆ ልክ መውሰድ ጀምረናል፤ የግራ ጎኗ አልቋል፤ ጣራዋና የውስጥ ክፍሏ ቀርቷል። በቤቱ የተቀመጠ አሮጌ ራጅ ፊልም ያለው ተማሪ ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ቢያደርስልን እናመሰግናለን። በጥጉ የተጻፈው የበሽተኛው ስም ያሳስበኛል የሚል ካለ፣ እርሱንም በረኪናው ይወስደዋል።